የኪርያት ጋት ሌሊቶችና የወቅት እንቅልፍ ማጣት

ሰኔ ላይ በደቡብ እስራኤል ኪርያት ጋት ውስጥ ጸሐይ የምትጠልቀው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ገና 10 ሰዓት ተኩል አለፍ እንዳለ ትጠፋለች። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ የተበላሸው ሰዓቱ ይመስለዋል። በጎንደር የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ቀኑ 12፣ ሌሊቱም 12 ሰዓት ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። ሰዓት አቆጣጠራችንም በዚሁ ልክ የተሰፋ ነው፤ አንዱ አንድ ሰዓት ከንጋት፣ ሌላው አንድ ሰዓት ከምሽት ይነሳል። ኪርያት ጋት ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 31 ዲግሪ ተኩልን አለፍ ብላ ስለምትገኝ ረጅሙ ቀኗ 14 ሰዓት ከሩብ ይጠጋል፣ አጭሩ ከ10 ሰዓት ብዙም አይዘልም። ከአራት ሰዓት በላይ የሚሆን ብርሃን በስድስት ወር ይጨመራል፣ በስድስት ወር ይቀነሳል።

በሰፈሩ ከኢትዮጵያ በመጡ አዛውንቶች ዘንድ በየዓመቱ የሚሰማው ስሞታ ከዚህ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አብሮ ይሄዳል። በጋ ሲገባ «ዓይኔ እምቢ አለኝ» ይላሉ። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ «በጊዜ እተኛለሁ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጥጣል፣ ከዚያ ወዲያ የለም» ይሆናል። እዚህ ክረምት የምንለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን የዝናብ ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አገር ቤት ያኔ በጋ ነው። ሁለቱ ስሞታዎች እንደ አንድ በሽታ ስለሚታዩ አንድ ዓይነት ክኒን ይታዘዝላቸዋል። ይህ ዳሰሳ የሚሞግተው ይህን ነው፤ የበጋውና የክረምቱ እንቅልፍ ማጣት መነሻቸው ለየቅል ነው፣ መላቸውም ለየቅል ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ ወቅቱ የጀመረውን እኛው በዘዴያችን የምናስቀጥለው መሆኑ ነው።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ የላኪሽ አካባቢ የእርሻ ሰፈሮች ማዕከል እንድትሆን ነው። መጀመሪያ ከሰሜን አፍሪካ፣ በኋላም ከሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ገቡባት። በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከዚያም ወዲህ ጎንደር ላይ ዓመታት ጠብቀው የመጡ ቤተሰቦች ዛሬ የከተማዋ ትልቅ ክፍል ናቸው። በ1991 በሠላሳ ዓመቱ የገባ ጎልማሳ አሁን ጡረታ አፋፍ ላይ ነው፤ እንቅልፍ በተፈጥሮው የሚሳሳበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። የቀኑ ርዝመት፣ የአየሩ ሙቀት፣ የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ተለውጦበታል። ወጣት ሳለ አይሰማውም ነበር።

ማማ ላይ ማደርና ዓይን መፍጠጥ

ወቅት እንቅልፍን መንሳቱ ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። አዝመራው ሲደርስ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ማማ ላይ ወጥቶ ከርከሮና ጃርት ሲያባርር ያደረ ሰው ሞልቷል። ያ ሰው ግን እንቅልፍ አጣ እንጂ እንቅልፍ እምቢ አላለውም። ተረኛው ሲተካው ጋቢውን ተከናንቦ ባረፈበት ይወድቃል። ሐኪሞች እንቅልፍ ማጣት ብለው የሚይዙት ከዚህ የተለየውን ነው፤ አልጋው ተነጥፎ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ጊዜው ኖሮ ሳለ እንቅልፍ የማይመጣበትን ወይም መጥቶ የማይቆይበትን፣ በማግሥቱም ድካምና ብስጭት የሚያስከትለውን። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል።

ሦስት ወር ማለት ደግሞ የአንድ ወቅት ዕድሜ ነው። የወቅት እንቅልፍ ማጣት በትክክል ድንበሩ ላይ ይቆማል፤ ወቅቱ ሲያልፍ አብሮ ሊያልፍ ይችላል፣ ወይም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አርተር ስፒልማን በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጡት ሐሳብ ይህን በሦስት ነገሮች አስረድተውታል። አንደኛው ሰውየው ይዞት የሚኖረው ዝንባሌ ነው፤ ዕድሜ፣ ጭንቀት የሚያበዛ ጠባይ፣ በዘር የሚወረስ ነገር። ሁለተኛው ችግሩን የሚቀሰቅሰው ነው፤ ሙቀት፣ ሐዘን፣ ሕመም፣ የሥራ ለውጥ። ሦስተኛው ከተቀሰቀሰ በኋላ የሚያቆየው ነው፤ የጎደለውን ለማካካስ ቀን መተኛት፣ ገና በጊዜ አልጋ ላይ መውጣት፣ ድካምን በቡና መግፋት፣ ሌሊቱን ሰዓት እያዩ መቁጠር። ነሐሴ ያልፋል፤ በነሐሴ የለመድነው ግን ጥቅምትም ላይ አብሮን አለ። ብዙ ሰው የሚታገለው ከቀስቃሹ ጋር ነው፤ ያቆየው ግን ሦስተኛው ነው።

ከትሮምሶ እስከ አክራ

ወቅትና እንቅልፍ መያያዛቸውን ዓለም በቁም ነገር የተመለከተው የሰሜኑን ጨለማ በማየት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ኖርማን ሮዘንታል ከጆሐንስበርግ ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ በክረምት ጉልበቱና መንፈሱ ሲዳከም በራሱ አየ። በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ወቅትን ተከትሎ የሚመጣውን የመንፈስ ጭንቀት ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ፤ በጠንካራ ብርሃን ማከምም ከዚያ ወዲህ ተለመደ። ከፀሐያማ አገር ወደ ሌላ ኬክሮስ የተሰደደ ሰው ነው ነገሩን ያስተዋለው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ2012 የታተመው የኖርዌይና የጋና ንጽጽር ነው። ትሮምሶ በ69 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ለሁለት ወር ያህል ጸሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። አክራ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ተመራማሪዎቹ በሁለቱም ቦታ ሰዎችን በበጋና በክረምት ጠየቁ። በትሮምሶ በክረምት ሰዎች ዘግይተው ይተኛሉ፣ ዘግይተው ይነሳሉ፣ እንቅልፍ ለመያዝም ይቸገራሉ። በአክራ እንዲህ ያለ የወቅት ልዩነት አልታየም። የቀኑ ርዝመት ካልተለዋወጠ እንቅልፍም በወቅት አይዋዥቅም ለማለት ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የጎንደር ገበሬም ከአክራ ወገን ነበር።

ኪርያት ጋት ግን ትሮምሶ አይደለችም። ከጨለማው ወር ታሪክ ተነሥቶ ለደቡብ እስራኤል አዛውንት ባለ 10,000 ሉክስ መብራት መግዛት፣ በእኔ ግምት፣ ገንዘብ መጣል ነው። በታኅሣሥም ቢሆን ጧት ደጅ የሚገኘው ብርሃን፣ ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ፣ ሳሎን ውስጥ ካለው አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሚጎድለው ብርሃኑ አይደለም፤ ከቤት መውጣቱ ነው።

ሦስተኛው ምርምር ከብርሃን ሌላ ነገር እንድናይ ያስገድዳል። በ2015 የታተመ ጥናት በታንዛኒያ ሐድዛዎችን፣ በናሚቢያ ሳኖችን፣ በቦሊቪያ ቺማኔዎችን ተከታተለ። መብራት የሌላቸው ሕዝቦች ስለሆኑ ጀንበር ስትጠልቅ የሚተኙ ይመስለን ነበር። አልሆነም። የሚተኙት ጀንበር ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይተው ነው፤ የሚያንቀላፉትም በአማካይ ከስድስትና ከሰባት ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በክረምት ወደ አንድ ሰዓት ይጨምራሉ። እንቅልፋቸው የሚጀምረው አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ የሚያበቃው ቅዝቃዜው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። እንቅልፍ ማጣት በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ሌሊቱን ለሰውነት የሚያበስረው ጨለማው ብቻ ሳይሆን ቅዝቃዜውም ነው ማለት ነው፤ የኪርያት ጋት በጋ የሚነፍገንም ይህን ብስራት ነው።

ሲሚንቶው የማይበርድ ሌሊት

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ቀኑ ቢያቃጥል ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ኪርያት ጋት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፤ የነሐሴ ሌሊቷ ከ20 ዲግሪ በላይ እንደሆነ ይነጋል፣ ከሜዲትራኒያን የሚመጣው እርጥበትም ላብ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ይህ የውጪው ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

በአሮጌዎቹ ሺኩኖች (የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች)፣ በተለይ ጣሪያው ሥር ባለው ፎቅ፣ ሲሚንቶው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት የሚተፋው ማታ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግድግዳውን በመዳፍ ቢነኩት ለብ ይላል። አልጋው ከዚያ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ ትሪሲሙ (የመስኮቱ መዝጊያ) ሌባና ትንኝ ተፈርቶ ተዘግቶ፣ ማዝጋኑ (አየር ማቀዝቀዣው) የመብራት ሒሳብ ተፈርቶ ጠፍቶ ይታደራል። ሰውነት እንቅልፍ ከመያዙ በፊት የውስጥ ሙቀቱን መቀነስ አለበት፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። ክፍሉ ሲሞቅ መውጫው ይዘጋል። በ2022 የታተመ፣ በ68 አገሮች ከ47,000 በላይ ሰዎች የእጅ አንባር አድርገው የሰጡት መረጃ እንዳሳየው፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሌሊት በአማካይ 14 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ይጎድላል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ65 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ የእያንዳንዱ ዲግሪ ጉዳት እጥፍ ገደማ ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ደግሞ ሦስት እጥፍ። ማዝጋን ያለውና ማዝጋን የሚያበራው ሰው አንድ አይደለምና።

እዚህ ላይ አንድ የአገር ቤት ልማድ ሳይንስ ደግፎት እናገኛለን። ከመንገድ የገባን ሰው፣ ከሥራ የተመለሰን አባት ማታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ የክብር ምልክት ነበር። በስዊዘርላንድ ባዝል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ እንቅልፍ ቶሎ እንደሚመጣ ከሚጠቁሙት ምልክቶች ሁሉ ዋነኛው የእጅና የእግር መሞቅ ነው ብለዋል። እግር ሲሞቅ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ የውስጡ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል፣ መሐል ሰውነት ይበርዳል። በ2019 የተጠናቀሩ ጥናቶችም ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል በሞቀ ውሃ መታጠብ እንቅልፍን በአማካይ በአሥር ደቂቃ እንደሚያፈጥን አሳይተዋል። ስለዚህ በነሐሴ ማታ በረዶ ውሃ ራስ ላይ ማፍሰስ ለጊዜው ቢያስደስትም ቆዳውን ያኮማትረዋል፤ ለብ ያለው ይሻላል። የልጅ ልጅ የአያቱን እግር ቢያጥብ ደግሞ ሁለት ነገር ተገኘ።

ሌላው ሁሉ የቤት አያያዝ ነው። ቀን ጸሐይ የሚመታውን ትሪስ ዘግቶ፣ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ በሁለት ወገን መስኮት ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ። አልጋውን ከምዕራብ ግድግዳ ማራቅ። ማዝጋኑን ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ካልተቻለ፣ ሰዓቱን ሞልቶ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ማብራት፤ ከባዱ እንቅልፍ በዚያ ጊዜ ነውና። ማማድ (የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል) ውስጥ የሚተኙ ደግሞ ክፍሉ ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ብረት መሆኑን አውቀው ከመኝታ በፊት ቀድመው ያቀዝቅዙት።

ጀንበር ያላባረረችው ቡና

የሰኔ ምሽት ሌላው ችግር ሙቀቱ አይደለም፤ አለማለቁ ነው። ከ1 ሰዓት በኋላም ሰማዩ ብሩህ ነው። ልጆች ትምህርት ዘግተው መንገድ ላይ ናቸው። ጎረቤት የሚጠራራው አሁን ነው፤ ቀን ማን ይወጣል? ረከቦቱ ይዘረጋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦል ሲቀዳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቶናው ይከተላል። በረካ ሲደርስ 3 ሰዓት ተኩል አልፏል። አገር ቤት ቢሆን ጀንበር ራሷ «በቃ» ትል ነበር፤ እዚህ የሚል የለም።

በቡና ውስጥ ያለው ካፌን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ እንደ ሰዉ ከሦስት እስከ ሰባት ሊለያይ ይችላል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌን፣ ሰውየው ሳይታወቀው እንኳ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል። «እኔ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚሉ አሉ፤ ይተኛሉም፤ ግን ጥልቅ እንቅልፉ ይሳሳል። ጤና አዳም ቢጨመርበት ቡናነቱ አይጠፋም። ቡናውን ተዉ የሚል ምክር በእኛ ቤት አይሠራም፤ ቡናው መጠጥ ብቻ ሳይሆን ሸንጎም ነውና። ሥርዓቱን ወደ ቀኑ 9 ሰዓት ማምጣት፣ የማታውን ስብሰባ በሌላ ነገር ማስተናገድ ግን የማይቻል አይደለም። ጫት የሚቅሙትም ይህንኑ ይስሙ፤ ቅጠሉ እዚህ አገር በሕግ ባይከለከልም እንቅልፍ ነሺነቱ ከቡና ይብሳል።

ብርሃኑስ ምን ያደርጋል? በ2002 ሳይንቲስቶች በዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለመለየት የሚሠሩ ሕዋሳት እንዳሉ አረጋገጡ። መልእክታቸው አንጎል ውስጥ ወዳለው ሰዓት ይሄዳል፤ የዚያን ሰዓት አሠራር ያብራሩት ሦስት አሜሪካውያን በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የውስጥ ሰዓታችን በአማካይ ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝማል፤ ስለዚህ በየቀኑ መስተካከል አለበት። የጧት ብርሃን ወደፊት ይስበዋል፣ የማታ ብርሃን ወደኋላ ይገፋዋል። በሰኔ የማታው ብርሃን ይበዛል፤ ሰዓቱ ይዘገያል። መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ በሕጉ መሠረት ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ፣ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ ነገሩ ይባባሳል፤ በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ይመለሳል። ከእያንዳንዱ የሰዓት ለውጥ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት መኝታንና መነሻን ሩብ ሩብ ሰዓት ማሸጋሸግ ይረዳል።

ያልተኛ ሰው «ዛሬ ደክሞኛል፣ በጊዜ ልጋደም» ይላል። ይህ ለምን እንደማይሳካ ያሳየው የእስራኤሉ የቴክኒዮን ተመራማሪ ፔሬጽ ላቪ ነው። ሰዎችን ለሰባት ደቂቃ እንዲተኙ፣ ለአሥራ ሦስት ደቂቃ እንዲነቁ እያደረገ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሲከታተል፣ ከተለመደው የመኝታ ሰዓት በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት እንቅልፍ ፈጽሞ የሚሸሽበት ክፍተት አገኘ፤ በ1986 ይፋ ባደረገው ጽሑፍ የተከለከለ ቀጠና ብሎታል። ሁልጊዜ 5 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢጋደም የሚጠብቀው እንቅልፍ ሳይሆን መገላበጥ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት አልጋ ላይ

የክረምቱ ነገር ተቃራኒው ነው፤ በእኔ እይታ ደግሞ ለመፍታት የሚቀለው እርሱ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ይዘንባል፣ ቤቱ ይበርዳል፤ ሲሚንቶው በበጋ ሙቀት እንዳልመለሰ ሁሉ በክረምት ቅዝቃዜ አይመልስም። ልጆች ሥራ ናቸው። አዛውንቱ እራታቸውን በልተው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባሉ። ለሰባት ሰዓት ቢተኙ፣ ለዕድሜያቸው በቂና መልካም እንቅልፍ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ከዚያ እስከ 12 ሰዓት አራት ሰዓት ጨለማ አለ። ያኔ ነው ጎንደር የቀረ ወንድም የሚታሰበው፣ የሞተው የሚቆጠረው፣ ጉልበት የሚቆረጥመው። እንቅልፋቸው አልጠፋም፤ ሌሊቱ ረዘመ።

መንቃቱ በራሱ በሽታ እንዳልሆነም ማወቅ ያጽናናል። ታሪክ ጸሐፊው ሮጀር ኤከርች ከፋብሪካ ዘመን በፊት አውሮፓውያን በሁለት ዙር ይተኙ እንደነበር፣ በመካከል ተነሥተው ይጸልዩና ያወሩ እንደነበር አሳይቷል። በውድቅት ተነሥቶ መጸለይ ለእኛ ሽማግሌዎችም እንግዳ አይደለም። ጭንቀቱ የሚመጣው «መተኛት ነበረብኝ» ከሚለው ነው።

ለዚህ የሚሠራው መድኃኒት መኝታን ማሳጠር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተጋድሞ ስድስቱን ብቻ የሚተኛ ሰው፣ አልጋ ላይ የሚቆይበትን ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ያወርዳል። መነሻው ጧት 12 ሰዓት ከሆነ መኝታው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ነቅቶ መቆየት ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ያደክማል። እንቅልፉ ሲገጥምና አልጋ ላይ ካለው ጊዜ ዘጠና ከመቶ ያህሉን ሲተኛበት ሩብ ሰዓት ይጨመርለታል፤ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ከአምስት ሰዓት በታች ማውረድ አይገባም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ስሜቱ ከመጠን ያለፈ ከፍና ዝቅ የሚል ሕመም ያለበት፣ ወይም መኪና የሚነዳ ሰው ያለ ሐኪም አይሞክረው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ያቀረበው ሥርዓት ነው፤ አልጋ የመተኛ ቦታ ብቻ ይሁን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥቶ ሳሎን መቀመጥ፣ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ። ለእናቶች ስፌት ወይም ፈትል በደብዛዛ መብራት፣ ለአባቶች ጸሎት ይስማማል፤ ቴሌቪዥኑና ስልኩ አይስማማም። አዛውንት በጨለማ እንዳይደናቀፍ ግን ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት ይኑር፣ ምንጣፉም ይነሳ። ጧት የተነሡበት ሰዓት ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ አይለወጥ፤ ከዚያም ትሪሲሙን ከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ደጅ መውጣት። የቀን ማረፍ ካስፈለገ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት ሳይበልጥ።

ቤቱ በረደ ተብሎ ከሰል አንድዶ ዘግቶ መተኛት ነፍስ ያጠፋል። ይህ ምክር አይደለም፤ ክልከላ ነው።

ወቅት ያልሆነው

ሁሉንም በወቅት ማላከክ አይቻልም። ጦርነቱ ከጀመረበት ከጥቅምት 2023 ወዲህ በዚህ ከተማ ሲረን ጮኋል፤ ወደ መጠለያ ለመድረስ ያለው ጊዜም ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ በሰኔ 2025ም ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት ሌሊቱ ተቆራርጧል። ነቅቶ መጠበቅ የለመደ ጆሮ ጸጥታውንም አያምነውም። ወጣቶቹ ደግሞ በኢንቴል ፋብሪካና በሌሎችም በሚሽሜሬት (በፈረቃ) ይሠራሉ፤ የሌሊት ተረኛ ትግሉ ከራሱ ሰዓት ጋር ነው፤ ለእርሱ ዋናው ትሪሲም ዘግቶ መተኛትና ተራው ቶሎ ቶሎ እንዳይቀያየር መጠየቅ ነው።

ስኳር ሌሊት ለሽንት ያስነሳል፤ ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ ስኳር ከስደት በኋላ እንደበዛ በሚገባ የታወቀ ነው። የሚያሸና የደም ግፊት ክኒን ማታ ከተወሰደም እንዲሁ። በኃይል ማንኮራፋትና ትንፋሽ ቆም ቆም ማለት፣ ማታ ማታ እግር አላስቀምጥ ማለት፣ ንጋት ላይ ነቅቶ ሕይወት መሰልቸት፤ እነዚህ ምርመራ የሚፈልጉ ናቸው። ለማንኮራፋቱ በቤርሼባ ሶሮካ ሆስፒታል ያለውን ዓይነት የእንቅልፍ ምርመራ ማስያዝ ይቻላል።

ክኒኑና ኩፓት ሆሊሙ

በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በ2017 የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ከላይ የተዘረዘረው ዓይነት የልማድና የአስተሳሰብ ሕክምና ነው፣ ክኒን ከዚያ ቀጥሎ ለአጭር ጊዜ ይሁን ብለዋል። በተግባር የሚሆነው ግን ይገለበጣል። የሐኪሙ ጊዜ አጭር ነው፤ አስተርጓሚ ሆኖ የሄደው የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት የወጣ ነው፤ «አትተኛም» ከሚለው ሌላ የሚተረጎም ነገር አይገኝም። ቦንዶርሚን የተባለው የእንቅልፍ ክኒን ይጻፋል። በነሐሴ የተጻፈው ክኒን በታኅሣሥ ይታደሳል፣ ሙቀቱ ከሄደ ቆይቶ። የዚህ ቤተሰብ ክኒኖች በ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ባሉ ሰዎች ላይ መውደቅን፣ የዳሌ ስብራትንና መርሳትን ያመጣሉ፤ ለእነርሱ ባይሰጥ ይመረጣል። ይሁንና የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ መተው የለበትም፤ በሐኪም እየተቀነሰ ነው።

ሜላቶኒን የተሻለ ስም አለው። ሰርካዲን የተባለው ቀስ ብሎ የሚለቀቀው 2 ሚሊግራም ክኒን በቴል አቪቭ ኑሪም በሚባል ኩባንያ የተሠራ ሲሆን በአውሮፓ በ2007 ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተፈቅዷል። ልማድ አያስይዝም፤ ጥቅሙም ግን መጠነኛ ነው። በ28 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ምንም ሜላቶኒን ሲሚንቶ አያበርድም። አረቄም መፍትሔ አይደለም፤ ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰብራል።

የሚጎድለው፣ በእኔ ፍርድ፣ መድኃኒት አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ነው፦ «በየትኛው ወር ጀመረዎት?» በአራቱም ኩፓት ሆሊሞች (የጤና መድን ድርጅቶች) ያሉ የቤተሰብ ሐኪሞች ይህን ቢጠይቁ፣ ግማሹ ክኒን ሳይጻፍ የሚቀር ይመስለኛል። ከ1998 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ጤና የሚሠራው ተኔ ብሪዩትና በየከተማው ያሉ አማርኛ ተናጋሪ የጤና አማካሪዎች ስለ ስኳር ያስተማሩትን ያህል ስለ እንቅልፍም በአማርኛ ማስተማር ይችላሉ፤ ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው አንድ የሽማግሌዎች ክለብና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

እስከዚያው ድረስ አንባቢ ሆይ፣ ወላጅዎን ወደ ሐኪም ከመውሰድዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በወረቀት ይያዙላቸው፦ ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ወጡ፣ ስንት ሰዓት ያህል ተኙ፣ ስንት ሰዓት ተነሡ፣ የመጨረሻው ቡና መቼ ነበር፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነበር። ያንን ወረቀት ይዘው ይግቡና ችግሩ በየትኛው ወር እንደጀመረ ይንገሩ፤ ክኒን ከተጻፈም መቼ እንደሚቆም እዚያው ይጠይቁ።